እስካሁን ያልመለስሁት ጥያቄህ

ይድረስ ለውድ ወዳጄና ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? እማማስ እንዴት ናቸው? የመጨረሻው ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሦስት ዓመት አለፈ። የተተከለላቸው የዓይን ብሌን ለጥቂት ወራት ጠርቶ ቆይቶ ለምን እንደ ደፈረሰ ጠይቀኸኝ፣ «የደም ሥር ስለ ገባበት ነው» ብዬ አንዲት መስመር ብቻ ጽፌልህ ዝም አልሁ። መልሱ ግማሽ መሆኑን ስለማውቅ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር አፍሬ አስቀመጥሁት። ይልቁንም እማማ «ጠብታውን አሳልፌ ይሆን?» እያሉ ራሳቸውን እንደሚወቅሱ የጻፍህልኝ ከልቤ አልወጣም።

የዓይን ብሌን የምንለው ኮርኒያ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ሽፋን ሲሆን፣ ጤነኛ በሆነ ጊዜ የደም ሥርም ሆነ፣ ከሥጋ መካከል ፈሳሽንና የመከላከያ ሕዋሳትን የሚያጓጉዘው የሊምፍ ሥር የለበትም። ኦክስጅኑን በእንባው በኩል ከአየር፣ ምግቡን በአብዛኛው ከበስተኋላው ካለው ፈሳሽ ያገኛል። የሚያስደንቀው፣ የደም ሥር እንዲያድግ የሚያደርገውን ቪኢጂኤፍ የተባለ ፕሮቲን ኮርኒያው ራሱ የሚሠራ መሆኑ ነው፤ ነገር ግን ይህንኑ ፕሮቲን ይዞ ከሥራ ውጭ የሚያደርግ ማጥመጃ አብሮ ያዘጋጃል። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣ ጥናት፣ ውኃ ውስጥ የሚኖረው ማናቲ የተባለ አጥቢ እንስሳ ይህ ማጥመጃ በኮርኒያው እንደሌለ ታውቋል፤ ኮርኒያውም ተፈጥሮው ሆኖ የደም ሥር አለበት።

የኬሚካል ቃጠሎ፣ ሄርፒስ የተባለው ቫይረስ የሚያመጣው ቁስል፣ ትራኮማ ወይም ከመጠን በላይ የተደረገ ኮንታክት ሌንስ ይህን ሚዛን ያዛባዋል። ከዚህ የሚነሣው ብግነት፣ ማለትም የሥጋው መቆጣት፣ የጠራቸው ማክሮፌጅ የተባሉ የመከላከያ ሕዋሳት ተጨማሪ የእድገት ፕሮቲኖችን ስለሚረጩ፣ ከደም ሥሩ ጋር የሊምፍ ሥርም ከዳር ወደ መሃል ያድጋል። ቀዩን የደም ሥር ሐኪሙ ስሊት ላምፕ በተባለው የዓይን መመርመሪያ ማጉያ ያየዋል፤ የሊምፍ ሥሩ ግን ቀለም የሌለውና ግድግዳው ስስ በመሆኑ በተለመደው ምርመራ አይታይም። ያኔ ያልነገርሁህ ይህን ነው።

ንቅለ ተከላ ሲደረግ የመከላከያ ሕዋሳት ከባዕዱ ሥጋ ናሙና ይዘው በሊምፍ ሥሩ በኩል ወደ አንገት የሊምፍ ዕጢዎች ይወርዳሉ፤ በዚያ የሠለጠኑት ቲ ሕዋሳት የተባሉ የመከላከያ ሕዋሳት ደግሞ በደም ሥሩ ተመልሰው የተተከለውን ያጠቃሉ። ከሁለቱ ይበልጥ የሚከፋው የማይታየው ነው ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 በአይጦች ላይ በተደረገ ጥናት፣ የደም ሥር ብቻ ባለበት ኮርኒያ ላይ የተደረገው ንቅለ ተከላ ምንም ሥር በሌለበት ላይ እንደተደረገው ያህል ሲቆይ፣ የሊምፍ ሥርም ባለበት ላይ የተደረገው ግን በብዛት ተጠቅቶ ተበላሽቷል። በዓይን ድርቀት በታመሙ አይጦችም የደም ሥር ሳይታይ የሊምፍ ሥር ብቻ ሲያድግ ተገኝቷል።

ስለዚህ ለእማማ ንገራቸው፤ ዓይናቸው ከቀዶ ሕክምናው አስቀድሞ ሥር የበቀለበት ስለነበር፣ ጠብታውን አንዲት ቀን ባያሳልፉም አደጋው ከፍተኛ ነበር። ሁለተኛ ንቅለ ተከላ ከታሰበ ብግነቱ ሙሉ በሙሉ ጸጥ ሳይል እንዳይቸኩሉ እለምንሃለሁ፤ በአይጦች እንደታየው ብግነቱ ሲቆም የሊምፍ ሥሩ ከደም ሥሩ ቀድሞ ይጠፋልና። ሐኪማቸው ብግነት የሚያበርደውን ስቴሮይድ፣ ቪኢጂኤፍን የሚያግደውን ቤቫሲዙማብ የተባለ መድኃኒት ወይም የደም ሥሩን በቀጭን መርፌ መተኮስ ሊያነሣ ይችላል፤ የትኛው እንደሚስማማቸው ዓይናቸውን ያየ ሰው ይወስን።

አንድ ነገር ጠይቀህ ላክልኝ። ኮርኒያው በአራት ቢከፈል የደም ሥሩ የገባው በስንቱ ክፍል ነው? ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ አደጋ ያለበት ተብሎ ይመደባል። መልስህ በደረሰኝ ዕለት እጽፍልሃለሁ፤ ከእንግዲህ አልዘገይም።

የማይረሳህ ወዳጅህ