አንቀጽ 41ም ይነበብ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

የበጀት ክርክር ሲነሳ ከሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 90 ጤናና ትምህርትን የመሳሰሉ አገልግሎቶች «የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን» እንዲዳረሱ የሚለው ቶሎ ይጠቀሳል። አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 4 ግን ይዘነጋል። እሱ መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያዛል፤ ያች የአቅም ሐረግ እዚያ የለችም።

ጭማሪው ደግሞ በብር ቁጥር ብቻ አይለካም። የጤና በጀት 10 በመቶ አድጎ ዋጋ 20 በመቶ ከናረ፣ 1.10 ለ1.20 ሲካፈል 0.92 ገደማ ይመጣል፤ በጀቱ የመግዛት አቅሙ 8 በመቶ ቀንሷል ማለት ነው። የሕዝብ ቁጥር ሲጨምር የነፍስ ወከፍ ድርሻው ከዚህም ያንሳል። ደመወዝ ስለማይነካ ጉድለቱ መጀመሪያ የሚታየው በጤና ጣቢያው መድኃኒትና ጓንት ላይ ነው። የምክር ቤት አባላት ረቂቅ በጀቱን ከማጽደቃቸው በፊት ይህን ስሌት በጽሑፍ ይጠይቁ።