ፒቸር ፍለጋ አንወጣም፤ ከልጆቻችን መሀል እናወጣለን፦ ለሴት ልጆቻችን የሶፍትቦል ቡድን የድጋፍ ጥሪ

ውድ የሲልቨር ስፕሪንግና የአካባቢው ወገኖቻችን፣

ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ሴት ልጆቻችን ተጓዥ የሶፍትቦል ቡድን አቋቁመናል። ሶፍትቦል ቤዝቦልን የሚመስል፣ ኳሱን በዱላ የመታች ልጅ ቤዝ የሚባሉትን የሜዳውን ማዕዘኖች ዞራ ስትጨርስ ነጥብ የሚቆጠርበት ጨዋታ ነው። የዓመቱን ወጪ ለመሸፈን 6,400 ዶላር ይጎድለናል፤ ይህን የምንጽፍላችሁም እሱን እንድትሞሉልን ነው። ብዙዎቻችሁ ስለ ጨዋታው እምብዛም እንደማታውቁ እናውቃለን፤ ስለዚህ ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል በደንብ ሳናስረዳ እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አናስከትትም።

ተጓዥ ቡድን የሚባለው ከሰፈር ሊግ ወጥቶ ቅዳሜና እሁድ ወደ ሌላ ከተማ እየሄደ የሚወዳደር ነው። ለእንዲህ ያለ ቡድን ምልመላ የሚቀርቡት አብዛኞቹ ልጆች ከሰባትና ከስምንት ዓመታቸው ጀምሮ ሲጫወቱ የቆዩ፣ ወላጆቻቸውም ለግል አሰልጣኝ ሲከፍሉ የኖሩ ናቸው። እኛ ኦገስት ላይ ባደረግነው ምልመላ 12 ልጆች መጡ። ከነሱ ውስጥ በካውንቲው ሊግ ተጫውተው የሚያውቁት ሦስቱ ብቻ ናቸው። አንዷ ልጅ ጓንቱን በቀኝ እጇ አጥልቃ ቆመች። ኳሱ ሲመጣላት ቀለበችው፤ ከዚያ ጓንቱን አውልቃ መሬት ላይ አስቀመጠች፣ ወረወረች፣ ጎንበስ ብላ አነሳችና መልሳ አጠለቀችው። በቀኙ የሚወረውር ሰው ጓንት የሚያጠልቀው በግራው እንደሆነ የነገራት ሰው አልነበረም። ውርወራዋ ግን ከሦስተኛው ቤዝ ተነስቶ አንደኛው ቤዝ ላይ ደረት ለደረት ገባ። አሰልጣኛችን ስሟን ከጻፈበት ወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ምክር የለገሱን ሰዎች አልጠፉም። «ሦስቱን ጎበዞች ወደ ሌላ ቡድን አሻግሯቸው፤ የቀሩት ለዓመት ይደርሳሉ» ያሉን አሉ። «ከሌላ ቦታ የሰለጠነ ልጅ አስመጡ» ያሉንም አሉ። ሁለቱንም ለዚህ ዓመት አልተቀበልንም። ዘንድሮ «ገና ነሽ» ተብላ የተመለሰች የ11 ዓመት ልጅ ለከርሞ አትመጣም፤ ሌላ ነገር ትይዛለች፣ ወይም ስልኳን ይዛ ትቀመጣለች። ከውጭ የምትመጣው ጎበዝም ቢሆን የተሻለ ቡድን ስታገኝ ትሄዳለች፤ ያኔ እኛ ተመልሰን ባዶ ነን።

አሁን ወደ ዋናው ችግራችን እንምጣ፤ ፒቸር ነው፣ ኳሱን ለመቺዋ የምትወረውረው ልጅ ማለት ነው። ሶፍትቦል ሜዳ ላይ ዘጠኝ ልጆች ይቆማሉ፤ ጨዋታው ግን የሚጀምረው ከአንዷ እጅ ነው። ፒቸሯ ክንዷን እንደ ጎማ ሙሉ ዙር አዙራ ኳሱን ከወገቧ በታች ትለቀዋለች። በዚህ ዕድሜ ከመቺዋ ያላት ርቀት 40 ጫማ ነው፤ 12 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ኳሱ ከመቺዋ ጉልበትና ከደረቷ መካከል፣ መቺዋ አጠገብ ካለው ቤዝ ስፋት ሳይወጣ ማለፍ አለበት። አራት ጊዜ ከሳተች መቺዋ ዱላዋን ሳታነሳ አንደኛ ቤዝ ትሄዳለች። ፒቸር የሌለው ቡድን ሲጫወት አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፦ መቺዎቹ ተራ በተራ እየተራመዱ ቤዝ ይሞላሉ፣ ከዚያ ነጥቡ እየተራመደ ይገባል፤ ሜዳው ላይ የቀሩት ልጆቻችን ደግሞ ፀሐይ ላይ ቆመው ሣር ይነቅላሉ። አንድም ኳስ ወደነሱ አልመጣም። ልጆች ጨዋታውን የሚጠሉት ስለተሸነፉ ሳይሆን እንዲህ ሲውሉ ነው።

ስለዚህ አንድ ፒቸር አይበቃንም። በአንድ ውድድር ቅዳሜና እሁድ ብቻ አራትና አምስት ጨዋታ ሊኖር ስለሚችል ሁሉንም በአንዲት ልጅ ትከሻ ላይ መጫን ግፍ ነው። ሦስት እንፈልጋለን። ከፒቸሯ ቀጥላ የምትመጣው ካቸሯ ናት፣ ከመቺዋ ጀርባ ሆና ኳሱን የምትቀልበው፤ ያመለጣት ኳስ ሁሉ ለተጋጣሚ ሯጮች የቤዝ ስጦታ ነው። እሷም ቁጢጥ ብላ ስትውል ጉልበቷ የሚጎዳባት አንዲት ልጅ ብቻ እንዳትሆን ሁለት እናሰለጥናለን። መምታቱንና መቅለቡን አሰልጣኛችንና ወላጆች እንወጣዋለን። የክንድ ዙር ግን በቪዲዮ አይቶ የሚማሩት ነገር አይደለም፤ ልጅቷ መጀመሪያ ተሳስታ ከለመደችው በኋላ ማስተካከሉ የበለጠ ያስቸግራል፣ ትከሻዋንም ሊጎዳባት ይችላል። የሚያውቅ ሰው አጠገቧ ቆሞ እጇን ይዞ ማሳየት አለበት። ለዚህ ደግሞ ከኖቬምበር እስከ ማርች ያሉት የብርድ ወራት ወሳኝ ናቸው፤ በስፕሪንግ ጨዋታ ከተጀመረ በኋላ ለመማር ጊዜ የለም።

ሂሳቡ ይኸውላችሁ። በብርዱ ወራት በሳምንት አንድ ቀን ለምንለማመድበት አዳራሽ ኪራይ 3,200 ዶላር፤ ፒቸሮቹንና ካቸሮቹን ለሚያሰለጥኑልን ባለሙያ 2,400፤ ለአምስት ውድድሮች መመዝገቢያ 2,500፤ ለኢንሹራንስ፣ ለሁለት ሙሉ የካቸር መከላከያ፣ ለኳስና ለራስ ቁር 1,300። ድምሩ 9,400 ዶላር ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ዘጠኝ ቤተሰቦች 300፣ ሦስት ቤተሰቦች ደግሞ አቅማቸው የፈቀደውን 100 ዶላር ከፍለው 3,000 ሸፍነዋል። እነማን ስንት እንደከፈሉ ከገንዘብ ያዧ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ልጆቹም አያውቁም።

ዝርዝሩ ውስጥ ስም የተጠለፈበት ዩኒፎርም የለም፤ ቁጥር የታተመበት ቲሸርት ይበቃናል። 350 ዶላር የሚያወጣ ዱላም አልገዛንም፤ ያሉንን አራት ዱላዎች እየተቀባበሉ ይመታሉ። የምንመዘገበውም ጀማሪ ቡድኖች በሚጫወቱበት ዝቅተኛው ደረጃ ነው። ከአቅም በላይ ገብቶ 15 ለ0 መሸነፍ የሚያስተምረው ነገር ያለ አይመስለንም።

አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ቅር ይለናል። የእኛ ማህበረሰብ ለስፖርት ገንዘብ ማዋጣት አዲስ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ በጁላይ 4 ሰሞን የሚያዘጋጀው የእግር ኳስ ውድድር የቆመው በዚሁ መዋጮ፣ በዚሁ ድካም ነው። ሜዳ ውስጥ ሲሮጡ የኖሩት ግን በብዛት ወንዶቹ ናቸው፤ ሴቶች ልጆቻችን ዳር ቆመው አጨብጭበዋል። ሶፍትቦል ደግሞ በዚህ አገር የሴት ልጆች ትልቅ ስፖርት ነው፤ በትምህርት ተቋማት የፆታ አድልዎን ከከለከለው ከ1972ቱ ታይትል ናይን ሕግ ወዲህ ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆች ለሴቶች ስፖርት በር ሲከፍቱ በሰፊው ከገቡት አንዱ እሱ ነው። በቶኪዮ ኦሎምፒክ ተመልሶ ነበር፣ በፓሪስ ቀረ፣ በ2028ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ደግሞ ይመለሳል፤ ጨዋታዎቹ የሚካሄዱት ግን ኦክላሆማ ሲቲ ነው። ልጆቹ ከአሁኑ «ኦክላሆማ በመኪና ስንት ሰዓት ነው?» ማለት ጀምረዋል። ይህን ያነሳነው የኮሌጅ ስኮላርሺፕ ተስፋ ልንሰጣችሁ አይደለም። እንዲህ ያለ ቃል የሚገባላችሁ ቡድን ካለ ተጠራጠሩት።

ባለፈው ልምምድ ላይ የልጅ ልጃቸውን ይዘው የመጡ አንድ አባት አጥሩ ጋ ቆመው ብዙ ሲያዩ ቆዩና «ልጄ፣ ይኼ የእኛው የገና ጨዋታ አይደለም እንዴ? ሩሩን ከመሬት ወደ አየር አነሱት እንጂ» አሉን። ከዚያ 20 ዶላር አውጥተው ሰጡን። እስካሁን ከወላጆች ውጭ ያገኘነው የመጀመሪያው መዋጮ እሱ ነው፤ የውኃ ማቀዝቀዣ ገዝተንበታል።

ገንዘብ ለማይመቻችሁም ሥራ አለ። ጋራዣችሁ ውስጥ የልጆቻችሁ አሮጌ የሶፍትቦል ጓንት ካለ አምጡልን፤ ቆዳው የለሰለሰ ያገለገለ ጓንት ለጀማሪ ከአዲሱ ይሻላል። ያገለገለ የራስ ቁር ግን አንቀበልም፤ ከዚህ በፊት ምን እንደመታው አይታወቅም። ቫን ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ከኤፕሪል በኋላ አንድ ቅዳሜ ብትሰጡን ትልቅ ነገር ነው፤ ሁለት እናቶች በዕለቱ ፈረቃ ስላላቸው ልጆቻቸውን የሚያደርስ የለም። ሬስቶራንትና ሱቅ ያላችሁ 500 ዶላርና ከዚያ በላይ ከረዳችሁን የድርጅታችሁን ስም በአማርኛና በእንግሊዝኛ በባነር ጽፈን በምንሄድበት ሜዳ ሁሉ አጥር ላይ እንሰቅለዋለን።

መዋጮውን በዜል መላክ የምትፈልጉ ይህን ጥሪ ያደረሰላችሁን ወላጅ የገንዘብ ያዧን መረጃ ጠይቁ። በጥሬ ገንዘብ ወይም በቼክ የምትሰጡ ቅዳሜ ጠዋት ልምምድ ላይ ታገኙናላችሁ፤ ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትሂዱ። የአዳራሹን ቀብድ በኦክቶበር መጨረሻ መክፈል አለብን፤ ለዚህ 1,600 ዶላር መጀመሪያ ያስፈልገናል፣ የቀረው እስከ ፌብሩዋሪ ሊቆይ ይችላል። ገቢና ወጪውን በየወሩ መጀመሪያ ለሰጠ ሁሉ እንልካለን። ከ6,400 ዶላር በላይ ከተገኘ ትርፉ ለታናናሾቻቸው፣ ከ10 ዓመት በታች ላሉት፣ ጓንት ይገዛበታል። እነሱ ከአሁኑ አጥሩን ይዘው ቆመው «እኛስ መቼ ነው?» እያሉን ነው።

የቡድኑ ወላጆች ኮሚቴ