ለሳምሶን፦ ስለ 800 በ600 ስክሪኑ

ይድረስ ለወንድሜ ለሳምሶን፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። መጥፋቴን አውቃለሁ፤ አንተም ጠፍተህ ስለከረምክ ወቀሳውን እናቻችለው። ከዚህ ሁሉ ዝምታ በኋላ መልእክትህ የሊኑክስ ጣጣ ይዞ መምጣቱ ግን ያው አንተ ነህ፤ አልተለወጥክም።

ነገሩን እንደገባኝ ልድገመው። ዴቢያን የሚባለውን ሊኑክስ ከኤክስኤፍሲኢ ዴስክቶፕ ጋር ቨርቹዋልቦክስ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስመስል ፕሮግራም) ውስጥ ጭነሃል። ላፕቶፕህ 1366 በ768 ነው፤ ሊኑክሱ ግን 800 በ600 ላይ ተቸንክሮ ከመስኮቱ መሀል እንደ ቴምብር ተለጥፏል። ኢንተርኔት ላይ ያገኘኸውን የኤክስራንድር (የስክሪን ልክ መቀየሪያ) ትእዛዝ ሁሉ ሞክረህ አንዱም አልሠራም። ኤክስራንድር የመጨረሻው መፍትሔ ነው፤ አንተ ከመጨረሻው ጀመርክ።

እውነተኛ ሞኒተር ሲሰካ ስንት በስንት እንደሆነ ራሱ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል። ቨርቹዋል ማሽን ያ ሞኒተር የለውም። ስለዚህ ልኩ የሚወሰነው በሦስት ነገሮች መግባባት ነው፦ ቨርቹዋልቦክስ በሚያስመስለው ግራፊክስ ካርድ፣ ሊኑክስ ውስጥ ያንን ካርድ በሚያንቀሳቅሰው ድራይቨር፣ እና አንተ መስኮቱን ስታሰፋ አዲሱን ልክ ለዴስክቶፑ በሚያቀብለው ጌስት አዲሽንስ። የትኛው እንደጎደለ ሳታውቅ ትእዛዝ ብትደረድር ድካም ብቻ ነው።

መጀመሪያ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ አጥፋው። ሴቭ ስቴት አድርገህ ከዘጋኸው የሴቲንግ አማራጮቹ ደብዝዘው አይነኩም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ተስፋ የሚቆርጠው። ከጠፋ በኋላ ሴቲንግ ውስጥ ዲስፕሌይ የሚለውን ክፈት። ግራፊክስ ኮንትሮለሩ ቪኤምኤስቪጂኤ መሆን አለበት፤ ለሊኑክስ የሚሆነው እሱ ነው። ቪቦክስኤስቪጂኤ ለዊንዶውስ ነው፣ ቪቦክስቪጂኤ ደግሞ የድሮ ነው። ስማቸው ስለሚመሳሰል ፊደል በፊደል አንብበህ ምረጥ። ስሪዲ አክስለሬሽን የሚለውን ለጊዜው አጥፋው፤ ጥቁር ስክሪን ከሚያመጡት አንዱ እሱ ነው፣ ችግር ላይ ችግር አትደርብ።

ቪዲዮ ሜሞሪውን በተመለከተ ሁሉም ሰው «128 ሜጋባይት አድርገው» ይልሃል። አድርገው፣ አይጎዳም። ግን ካንተ ችግር ጋር እምብዛም አይገናኝም። አንድ ፒክሰል 4 ባይት ይይዛል፤ 1366 በ768 በ4 ሲባዛ 4,196,352 ባይት፣ ማለትም 4 ሜጋባይት ገደማ ነው። 16 ሜጋባይት እንኳ ይበቃሃል። ሜሞሪው የሚያጥረው ፎርኬ ላይ ነው፦ 3840 በ2160 ብቻውን 33 ሜጋባይት ያህል ይፈልጋል።

አሁን አስነሳውና ምንም ሳትጭን የኤክስኤፍሲኢ ሴቲንግ ውስጥ ዲስፕሌይ ከፍተህ የሪዞሉሽን ዝርዝሩን ተመልከት። ምርመራው ሁሉ ያለው እዚህች ዝርዝር ላይ ነው። ብዙ ልኮች ከተደረደሩ ድራይቨሩ ሥራውን እየሠራ ነው፤ የጎደለህ ጌስት አዲሽንስ ብቻ ነው። ሊኑክሱን ለጥቂት ቀን ለማየት ያህል ከሆነ የጫንከው፣ ከዝርዝሩ አንዱን ምረጥና እዚያው አቁም፤ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው። 1366 በ768 ከመረጥክ ግን የቀኙን ኮንትሮል ይዘህ ኤፍን ተጫን፣ ፉል ስክሪን ይሆናል። በመስኮት ከተውከው ከላይ ሜኑው፣ ከታች የአዶዎቹ መስመር ቦታ ስለሚወስዱ አይበቃውም፤ መጎተቻ ዘንጎች ይመጡብሃል።

ዝርዝሩ ውስጥ አንድ ልክ ብቻ ካለ፣ ወይም ሁለት፣ ድራይቨሩ አልተነሣም ማለት ነው። ተርሚናል ክፈትና ፕሮክ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ያለውን ሲኤምዲላይን የሚባል ፋይል በካት ትእዛዝ አንብበው። «ኖሞድሴት» የሚል ቃል ካየህ ሌባው ተያዘ። ቀድሞ ለሌላ ችግር «ይህን ጨምር» ተብለህ ስትጨምር የሚገባ ነው፤ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) የግራፊክስ ድራይቨሩን እንዳይጭን ይከለክለዋል። ኢቲሲ ውስጥ ዲፎልት በሚባለው ፎልደር ያለውን የግሩብ (የሊኑክስ አስነሺው) ፋይል ከፍተህ ቃሉን አጥፋ፣ አፕዴት-ግሩብ በልና ሪስታርት አድርግ።

ወደ ጌስት አዲሽንስ ልምጣ፤ አንተን የሚያስቸግርህ እዚህ ነው ብዬ እገምታለሁ። ሊኑክስ ሚንት አብሮት ይዞት ይመጣል፤ ኡቡንቱ ላይ ከራሱ ሪፖዚቶሪ (የፕሮግራም ማከማቻ) ይገኛል። የዴቢያን ስቴብል ሪፖዚቶሪ ውስጥ ግን የለም፤ ስለዚህ ከቨርቹዋልቦክስ ዲቫይስስ ሜኑ የጌስት አዲሽንስ ሲዲውን ማስገባት ግድ ነው። ሲዲው ከቨርቹዋልቦክስ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ዳታ አይበላም። ዳታ የሚበላው ከሱ በፊት የሚጫነው፣ የጌስት አዲሽንስን ሞጁል (ከርነሉ ላይ የሚሰካ ክፍል) ለመገንባት የሚያስፈልገው ነው፦ ቢልድ-ኢሴንሻል፣ ዲኬኤምኤስ፣ እና ሊኑክስ-ሄደርስ-ኤኤምዲ64።

ቅደም ተከተሉን አደራ። አፕት አፕዴት፣ አፕት አፕግሬድ፣ ከዚያ ሪስታርት፣ ከዚያ ነው ሦስቱን የምትጭነው። ሪስታርቱን የዘለለ ሰው ኢንስቶሉ መጨረሻ ላይ የከርነል ሄደር (ሞጁሉ የሚገነባበት ፋይል) አልተገኘም የሚል መልእክት ይጠብቀዋል፤ ምክንያቱም ማሽኑ ገና በአሮጌው ከርነል ላይ እያለ የወረደው ሄደር የአዲሱ ነው። ዩኔም ሰረዝ አር የሚሰጥህ የከርነል ቁጥር ከሄደሩ ቁጥር ጋር ልክ በልክ መግጠም አለበት፤ የመጨረሻዋ አሐዝ እንኳ ብትለይ አይሠራም።

ዴቢያን ላይ ደግሞ የራሱ እንቅፋቶች አሉ። ስትጭን የሩት (የዋናው አስተዳዳሪ) ፓስወርድ ከሰጠኸው ያንተን ተጠቃሚ ሱዶ (ተራ ተጠቃሚ እንደ አስተዳዳሪ የሚያዝበት) ውስጥ አያስገባውም፤ ሱዶ ስትል «ሱዶርስ ፋይል ውስጥ የለህም» ይልሃል። ኤስዩ ብለህ ባዶ ቦታና ሰረዝ ጨምርና እንደ ሩት ግባ። ሰረዟን ከተውካት አንዳንድ የአስተዳደር ትእዛዞችን አላገኘሁም ይልሃል። ከዲቪዲ ከሆነ የጫንከው ደግሞ አፕት ዲስኩን አስገባ እያለ ይነዘንዝሃል፤ ሶርስስ-ሊስት ውስጥ ሲዲሮም በሚለው መስመር ፊት ሃሽ ምልክት አድርግበት። ሦስተኛው፦ የሲዲውን ፋይል በቀጥታ ለማስኬድ ስትሞክር ፐርሚሽን ዲናይድ ካለህ ሩት መሆንህን አትጠራጠር። ዴቢያን ሲዲን የሚከፍተው ከውስጡ ፕሮግራም በቀጥታ እንዳይነሣ አድርጎ ነው። ከፋይሉ ስም በፊት ኤስኤች ብለህ አስነሳው፣ ያልፋል።

ሲጨርስ ሪስታርት አድርግ። ከተሳካ፣ ቪው ሜኑ ውስጥ ኦቶ-ሪሳይዝ የሚለው ይበራልሃል፤ መስኮቱን ስትጎትተው ዴስክቶፑ አብሮ ይዘረጋል። ካልተሳካ፣ ቫር ሎግ ውስጥ ያለው ቪቦክስአድ-ሴትአፕ ሎግ የመጨረሻ መስመሮቹ ላይ ምክንያቱን ይናገራል። ቨርቹዋልቦክሱ አሮጌ ሆኖ ከርነሉ አዲስ ከሆነም ሞጁሉ አይገነባም፤ ያኔ መዘመን ያለበት ቨርቹዋልቦክሱ ነው። ማሽኑ ላይ ሴኪዩር ቡት (ፊርማ የሌለውን የሚከለክል ጥበቃ) ካበራህ ደግሞ ሞጁሉ ቢገነባም ፊርማ ስለሌለው ከርነሉ አይቀበለውም፤ ለሙከራ ማሽን አጥፋው።

ኤክስራንድር ለምን እምቢ እንዳለህም ልንገርህ። ሲቪቲ (ለኤክስራንድር የስክሪኑን ልክ አስልቶ የሚሰጥ ትእዛዝ) 1366 768 60 ብለህ ነበር አይደል? ሲቪቲ ወርዱን በ8 ወደሚካፈል ቁጥር ስለሚያዞረው የሰጠህ 1368 ነው። አንተ ደግሞ ኒውሞድ ላይ 1368 የሚለውን ስም አስመዝግበህ አድሞድ ላይ 1366 ብለህ ከጻፍክ አላውቀውም ይልሃል። የውጤቱንም ስም ከድረ ገጽ አትቅዳ፤ አንዱ ማሽን ቨርቹዋል1 ይላል፣ ሌላው መሀል ላይ ሰረዝ አለው። ኤክስራንድርን ባዶውን ጥራው፣ «ኮኔክትድ» ከሚለው ፊት ያለው ነው ያንተ። ደግሞም ሪስታርት ስታደርግ ሁሉም ይጠፋል፤ ወደ ዌይላንድ (አዲሱ የስክሪን ሥርዓት) ዴስክቶፕ ከተሻገርክ ከነጭራሹ አይሠራም።

ስኬልድ ሞድ የሚባልም አለ፣ በቀኙ ኮንትሮልና በሲ ይመጣል። ምስሉን ይለጥጠዋል እንጂ ፒክሰል አይጨምርም፤ ጽሑፉ ይደበዝዛል፣ ሜኑውም ይሰወራል። ሳታስበው ከገባህበት የምትወጣው በዚያው ቁልፍ ነው።

ይህ ሁሉ ካልሠራ የዚያን ሎግ የመጨረሻ ሃያ መስመሮችና የዩኔሙን ቁጥር ላክልኝ፤ የስክሪን ፎቶ አትላክ፣ ጽሑፉን ኮፒ አድርገህ። ለቤተሰብ ሁሉ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

ወንድምህ
ዮናስ