ስልጠናውን ወደ ዋርዳችን አምጡልን
ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር
ለባለሙያ ስልጠና እና ለአገልግሎት ጥራት የሥራ ክፍሎች

ጉዳዩ፦ የሕክምና ስህተትን ለመቀነስ የሚሰጠውን የሠራተኛ ስልጠና ይመለከታል

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ይህን የምጽፍላችሁ አንድ ሌሊት ከስንት ዓመት በኋላም ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ ነው።

ሥራ ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ግፊቷ እጅግ የጨመረ፣ የሚጥላት ነፍሰ ጡር ይዘው መጡ። የሚጥላትን የሚያስቆመው መድኃኒት፣ ማግኒዥየም ሰልፌት ታዘዘላት። መጀመሪያ በደም ሥር የሚሰጠው 4 ግራም ነው። 20 ፐርሰንት ሆኖ ሲበጠበጥ 20 ሚሊ ይሆናል። መደርደሪያችን ላይ የነበረው ግን 50 ፐርሰንት ነው። ስለዚህ ከመድኃኒቱ 8 ሚሊ፣ ከውሃው 12 ሚሊ መቅዳት ነበረብኝ። ጆሮዬ ላይ የቀረው ግን "20 ሚሊ" የሚለው ብቻ ነበር። ባለ 10 ሚሊውን ሁለት ብልቃጥ ሰብሬ እንዳለ ቀዳሁት። 10 ግራም ማለት ነው። ትንፋሿን ሊያቆም የሚችል መጠን።

ልሰጣት ስል አንዲት አንጋፋ አዋላጅ ትሪውን አየት አደረገችና "ውሃውስ የታለ?" አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። እናትየዋም ልጇም በሰላም ወደ ቤታቸው ሄዱ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ከዚያ ሌሊት ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ በዚሁ ሕመም ላይ ሠልጥኜ ነበር። ሆቴል አዳራሽ፣ ፓወር ፖይንት፣ ሻይ ቡና፣ አበል፣ በመጨረሻ ሰርተፍኬት። ፈተናውንም በጥሩ ውጤት አልፌያለሁ። መጠኑን በቃሌ እወጣው ነበር። በእነዚያ ቀናት ሁሉ ግን አንድም ሲሪንጅ አልጨበጥኩም። አንድም ብልቃጥ አላገላበጥኩም። እንቅልፍ እያዳፋኝ፣ አስታማሚ እየጮኸብኝ፣ ስልክ እየጠራ ማስላት ምን እንደሚመስል ማንም አላለማመደኝም።

የተፈጠረውንም ለማንም አልተናገርኩም። አንጋፋዋ አዋላጅም አልተናገረችም፤ ለእኔ ስታዝን ነው። ብንናገር የሚከተለው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ስለዚህ በማግስቱ መደርደሪያው እንደነበረ ነበር። ቀጥላ የምትገባው አዲስ ልጅም ያንኑ ብልቃጥ ታነሳለች።

ስልጠና አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። አሰጣጡ ነው የሚያስጨንቀኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባለ 19 ነጥብ የቀዶ ሕክምና ቼክሊስት፣ ማለትም ኦፕራሲዮን ሲሠራ ነጥብ በነጥብ እየታየ ራይት የሚደረግ ዝርዝር አወጣ። በ8 ከተሞች ሲሞከር ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚደርሰው ሞት ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ ወረደ። ከቦታዎቹ አንዱ የታንዛኒያው ኢፋካራ ነው፤ እንደኛው አቅም ያጠረው አካባቢ ማለቴ ነው። በኋላ የካናዳዋ ኦንታሪዮ ሆስፒታሎቿ ሁሉ ቼክሊስቱን እንዲጠቀሙ አደረገች። 101 ሆስፒታሎችን ያየው እ.ኤ.አ. የ2014ቱ ጥናት ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላገኘም። ወረቀቱ ያው ወረቀት ነው። እኔም ኦፕራሲዮን አልቆ፣ በሽተኛው ከወጣ በኋላ ሁሉም ነጥብ በአንድ ትንፋሽ ራይት ሲደረግ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚህ ይልቅ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች የቀዶ ሕክምና ቡድኖቻቸውን ለማሠልጠን ያደረጉትን እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ። አሰልጣኞቹ ከየሆስፒታሉ ጋር ሁለት ወር ያህል ተዘጋጁ። የጋራው ስልጠና አንድ ቀን ብቻ ነበር። ሰርጂኑ፣ የሰመመን ባለሙያውና ነርሷ አንድ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት በየሦስት ወሩ እየደወሉ "ምን ሠራችሁ? ምን አቃታችሁ?" እያሉ ተከታተሏቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ውጤት በሠለጠኑት 74 ሆስፒታሎች ሞት በ18 በመቶ ቀነሰ፤ ገና ባልሠለጠኑት 34 ደግሞ በ7 በመቶ። አንድ ቀን ስልጠና፣ አንድ ዓመት ክትትል። እኛ ጋ ከስልጠናው በኋላ የሚደውልልን የለም።

እንደነሱ ቅዱ ማለቴም አይደለም። የእኛ ስህተት የእኛ መልክ አለው። ለምሳሌ ሰዓት። ሐኪሙ ካርዱ ላይ በፈረንጅ ሰዓት 8 ብሎ ይጽፋል፤ ጠዋት 2 ሰዓት ማለቱ ነው። ተረኛዋ በእኛው አቆጣጠር ካነበበችው መድኃኒቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ይሰጣል። ስድስት ሰዓት ዘገየ ማለት ነው። አስታማሚ ከውጭ ፋርማሲ ገዝቶ የሚያመጣው ብልቃጥም አለ። ስሙ ከትናንቱ ጋር አንድ ነው፤ መጠኑ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። አንድ ዋርድ ውስጥ ሁለት አልማዝ፣ ሦስት ፋጡማ ይተኛሉ፤ እኛ ደግሞ "የ7 ቁጥሯ" እያልን ነው የምንጠራቸው፤ አልጋ ሲቀያየር ምን እንደሚሆን አስቡት። ከውጭ የመጣ ማኑዋል ውስጥ እነዚህን አላገኘኋቸውም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ለአዳራሽና ለአበል ከሚወጣው ገንዘብ የተወሰነውን ወደ ዋርድ አዙሩት። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ተረኛ ሲቀያየር በሚደረገው ርክክብ ላይ፣ 20 ደቂቃ ይበቃናል። በራሳችን መደርደሪያ፣ በራሳችን ብልቃጥ፣ ጊዜው ባለፈበት መድኃኒት እንለማመድ። ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ ፋርማሲስቱና ኢንተርኑ አብረው ይሁኑ። አንዲት ጀማሪ "ዶክተር፣ ይቅርታ፣ አንዴ ይቆዩ" ማለትን ጮክ ብላ ትለማመድ። ይህ ቀላል ይመስላል። ታላቅን ማቋረጥ ነውር ነው ተብሎ ላደገ ሰው ግን ከሒሳቡ በላይ የሚከብደው ይህ ነው። በስልክ የታዘዘን መድኃኒት መልሶ መድገምም እንዲሁ በልምምድ ካልሆነ አይመጣም።

ደግሞም ይህ የዋርድ ልምምድ ለሙያ ፈቃድ እድሳት ነጥብ ይያዝለት። ካልተያዘለት ሰው ነጥብ ፍለጋ ወደ አዳራሹ መሄዱ አይቀርም፤ አልፈርድበትም።

ለጥቂት ያመለጠ ስህተት የሚጻፍበት፣ ከዲሲፕሊን ፋይል ፈጽሞ የተለየ ቅጽም ይኑረን። መለየቱ በመመሪያ ይጻፍልን፤ የቃል ማረጋገጫ ሌሊት ላይ አያስተኛም። በሪፖርታችሁም "ይህን ያህል ሰው ሠለጠነ" ከሚለው ጎን ከስድስት ወር በኋላ ዋርድ ገብቶ የታየው ይቀመጥ። መድኃኒት ሲቀዳ ስንቱ በሁለት ሰው ዓይን ታየ? ስንቱ በሽተኛ ስሙን ከነአባቱ ተጠየቀ?

ሁሉን በስልጠና ማዳን እንደማይቻልም አውቃለሁ። ሳይበጠበጥ በደም ሥር ከተሰጠ ልብ ሊያቆም የሚችለው ፖታሲየም ክሎራይድ ከዋርድ መደርደሪያ ይነሳ ለማለት ማንንም ማሠልጠን አያስፈልግም፤ ማንሳት ነው። ሌሊት ብቻዋን ዋርድ ሙሉ በሽተኛ የያዘች ነርስ ደግሞ የሚያስፈልጋት ሌላ ሰው ነው። ያቺ አንጋፋ አዋላጅ ያን ሌሊት ተረኛ ባትሆን ኖሮ የሆነውን ማሰብ አልፈልግም።

ለመጀመሪያው ልምምድ ጉዳይ ካስፈለጋችሁ የእኔን ውሰዱት። ቅጹ የወጣ ቀን ስሜን ጽፌ፣ ፈርሜ የመጀመሪያዋ ሆኜ እሞላዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት አዋላጅ ነርስ