ሟቹ ያልዘፈነውን አታስዘፍኑት

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በመዝናኛ ገጻችሁ ስለ ማይክል ጃክሰን ያልወጡ ቅጂዎች የቀረበውን ጽሑፍ አነበብሁት። አድናቂዎቹ የትኛው ዘፈን በየትኛው ካዝና እንደተቆለፈ ሲገምቱ፣ ከማን ጋር እንደቀዳው ሲሟገቱ ጸሐፊያችሁ ጥሩ አድርጎ ተርኮታል። መጨረሻው ላይ ግን «ሥራ ፈቶች» ብሎ ሸኛቸው። ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ሙዚቃ ቤት ከፍቼ ካሴት ስቀዳና ስሸጥ ያረጀሁ ሰው ነኝና ጠበቃ ልቁምላቸው።

ጸሐፊያችሁ ሳይነካው ያለፈው ነገር አለ። ማይክል እ.ኤ.አ. በ2009 ሞተ፤ በ2010 «ማይክል» የተሰኘ አልበም በስሙ ወጣ። አድናቂዎቹ ውለው ሳያድሩ በሦስት ዘፈኖች ላይ «ይህ ድምፅ የእርሱ አይደለም፣ የሚመስለው ሰው ነው» አሉ። የድምፅ ባለሙያዎች አይደሉም። ሰውየው ስንኝ ሲጨርስ ትንፋሹን እንዴት እንደሚሰበስብ ግን ዕድሜ ልካቸውን ሲያዳምጡ ኖረዋል። አሳታሚው ድምፁ የራሱ የማይክል ነው ብሎ ጸና። በ2014 አንዲት አድናቂ ካሊፎርኒያ ውስጥ ክስ መሠረተች፤ ክርክሩም ዓመታት ፈጀ። በ2022 ሦስቱ ዘፈኖች ከኢንተርኔት የሙዚቃ ማሰራጫዎች ወረዱ። ያወረዷቸው ክፍሎች «የድምፁን እውነተኛነት በሚመለከት አይደለም» ቢሉም፣ በዚያው ዓመት ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ። ድምፁ የማን እንደነበር ፍርድ ሳይሰጥበት ቀረ። ነገሩን ፍርድ ቤት ድረስ ያደረሰው ደግሞ የእነዚሁ ሰዎች ጆሮ ነው።

እኛ ከተማ ያለው ግምትም ከዚህ አያንስም። የድሬዳዋው ልጅ ዓሊ ቢራ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ካረፈ ወዲህ «ያልወጣ የዓሊ ዘፈን አለ» ሲባል ያልሰማሁበት ጫት ቤት የለም። ወሬው እንዲያው ከመሬት የተነሳ አይደለም። በ1950ዎቹ አጋማሽ ከአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጋር መዝፈን ሲጀምር ገና ልጅ ነበር፤ የመጀመሪያ አልበሙ እስኪወጣ ድረስ ዓመታት አልፈዋል። በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በአረብኛ፣ በአማርኛ የዘፈነ ሰው ነው፤ በሁሉም ቋንቋ ደጋሽ አለው። በእኛ አገር ደግሞ ቴፕ ያለው ሰው ሰርግ ላይ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ መጀመሪያ በሪል ክር፣ ኋላ ባዶ ካሴት በጅቡቲ ባቡር እንደ ልብ መግባት ሲጀምር በካሴት ይቀዳ ነበር። ያ ሁሉ ክር የት ገባ? አንዳንዱ ላይ የሌላ ሰርግ ተደርቦበታል፣ አንዳንዱን በ1998ቱ ጎርፍ የደቻቱ ወንዝ ይዞት ሄዷል። የተረፈ መኖሩን ግን እኔም አልጠራጠርም።

አምና ሁለት ወጣቶች እንዲህ ያለ ካሴት ይዘው መጡ። ሱቁን ከዘጋሁ ብቆይም ቴፖቼን አልሸጥኋቸውም። የስልሳ ደቂቃ ካሴት ነው፤ ፊቱ ላይ በአረብኛ ፊደል «ዓሊ» ተብሎ ተጽፏል። ክሩን ከቴፑ ራስ ጋር የምታስነካው ትንሿ ጨርቅ ተላቅቃ ጠፍታለች። ከአሮጌ ካሴት ሌላ ጨርቅ አውጥቼ ለጠፍሁለት፤ የቴፑን ራስ በአልኮል ጠርጌ ከፈትሁት። ቀጠን ያለ የጎረምሳ ድምፅ ወጣ። «ጋሼ፣ የልጅነት ድምፁ ነው!» አለ አንደኛው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

እኔን ግን የዑዱ ድርደራ አላማረኝም፤ ይቸኩላል። ጭብጨባውም የሰው እጅ አይመስልም። ባትሪው በደከመ ቴፕ የተቀዳ ነገር በደህና ቴፕ ሲከፈት ይፈጥናል፣ ድምፁም ይቀጥናል፤ ካሴት ሲቀዳ የኖረ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። የቴፑን ጀርባ ፈትቼ፣ በሞተሩ ላይ ባለችው ቀዳዳ ትንሿን መፍቻ አስገብቼ ፍጥነቱን ቀስ እያልሁ ስቀንሰው ጎረምሳው ጎለመሰ። ሁለተኛውን ፊት ስንገለብጠው ደግሞ አንድ ታዳሚ በሞቅታ ዘፋኙን በስሙ ይጠራዋል። ዓሊ አላለውም። በእኛ ዘመን የዓሊን ዘፈኖች በየሰርጉ ይጫወት የነበረ የሰፈር ዘፋኝ ነው፤ ጎበዝ ነበር፣ ነፍሱን ይማርና። ፊቱ ላይ የተጻፈው «ዓሊ» ምናልባት የካሴቱ ባለቤት ይሆናል፤ ድሬዳዋ ውስጥ ዓሊ የሚባል ሰው ስንት ነው!

ልጆቹ ቅር ቢላቸውም ከዩቲዩብ በፊት ወደ እኔ ማምጣታቸውን አመሰግናለሁ። ሁሉም ነገር እንዲህ በመፍቻ የሚፈታ አይደለም። ዛሬ ኮምፒውተር የማንንም ድምፅ አስመስሎ ያዘፍናል፤ የዚያ ዓይነቱን ሥራ የእኔም ጆሮ ላይለየው ይችላል።

የሞተ ዘፋኝ ቅጂ ከተገኘ ይውጣ፤ ይቀበር አልልም። ግን ማን ዘፈነው፣ የት፣ መቼ፣ ማን ቀዳው፣ ኋላስ ምን ተጨመረበት የሚለው ከዘፈኑ ጋር አብሮ ይውጣ። ይህ ደግሞ የማይቻል ነገር አይደለም። የማይክልን ሌላ አልበም፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን «ኤክስኬፕ»ን ተመልከቱ፤ ዘፈኖቹ በአዲስ ቅንብር ሲወጡ በሰፊው እትም ላይ ያልተነኩት የድሮ ቅጂዎች አብረው ቀረቡ፤ ሰሚው አወዳድሮ መፍረድ ቻለ። የቢትልስ ባንዱ ጆን ሌነን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ቤቱ ውስጥ በካሴት የቀዳውን ዘፈንም ጓደኞቹ በ2023 ሲያወጡት፣ ድምፁን ከፒያኖው የለዩት በኮምፒውተር መሆኑን በግልጽ ተናግረዋል። የሚያናድደኝ ግጥሙ አጥሯል ብሎ በሌላ አፍ አስጨርሶ ለሟቹ የሚሰጠው ነው። ሟቹ «ይህ አልጣመኝም፣ ድገሙት» ማለት አይችልም።

ሕግም አለን። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራውን ለሕዝብ የማውጣት መብት የደራሲው ነው፤ የኢኮኖሚ መብቱም ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ካሴቱ የባለሳጥኑ ሊሆን ይችላል፤ ዘፈኑ ግን የእርሱ አይደለም። ሳጥን ከፍቶ ያገኘ ሰው ገበያ ከመውጣቱ በፊት የሟቹን ወራሾች ያነጋግር።

የድሬዳዋና የሐረር አንባቢዎቻችሁ እንዲህ ያለ ካሴት ካላቸው አንድ ሁለት ነገር ልምከር። ባገኛችሁት ቴፕ አትክፈቱት፤ ክሩን ከበላው በኋላ ጸጸት አይመልሰውም። በካሴቱ ጀርባ ጠርዝ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ጥርሶች ስበሯቸው፣ ማንም እንዳይደርብበት። ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ደግሞ የታዳሚውን ጩኸትና የሳህኑን ኳኳታ አታጥፉት፤ እኛ ዘፋኙን የለየነው በዚያ ጩኸት ነው። የመጀመሪያው ግልባጭ ምንም ሳይነካ ይቀመጥ፤ ማጽዳት የፈለገ በሁለተኛው ላይ ያጽዳ።

የቀድሞ ካሴት ነጋዴ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ