ለገብር ኄር እንዳትጠፊብኝ

አንቺ ሆዴ፣

እንዴት ከረምሽ? ልጆቹስ? የሌሊት ሥራው አሁንም አለ ወይስ ወደ ቀን አዛወሩሽ? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን ስላጠፋሁ ይቅር በይኝ። ምክንያቱን መጻፍ ጀምሬ ሰረዝኩት፤ አንቺ ምክንያት ስትሰሚ ፊትሽ የሚሆነውን አውቀዋለሁ፣ ሜሪላንድም ሆነሽ ይታየኛል። እናትሽን ለጥምቀት ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ። ከጉልበታቸው በቀር ደህና ናቸው። “ገና እንዴት ነሽ ሳልላት ቻው ትለኛለች” ብለው ከሰውሻል፤ እኔም አብሬ ከሰስኩሽ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። በገና ልደረድር ነው፣ በሰው ፊት።

መምህራችን ናቸው የደወሉልኝ። የገብር ኄር እሑድ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የበገና ጉባኤ አለ፤ ድሮ የምንማርበት አዳራሽ ነው፣ አሁን አስፍተውት እጥፍ ሆኗል። “ሁለት መዝሙር ታቀርቢያለሽ” አሉኝ። ፈቃዴን መጠየቃቸው አልነበረም። እሳቸውን እምቢ ማለት እንዴት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። “እሺ መምህር” ብዬ ስልኩን እንደዘጋሁ ጣቶቼ ቀዘቀዙ። ገና ሳምንታት እየቀሩት፣ ወጥ ቤት ቆሜ፣ ሽንኩርቱ መክተፊያው ላይ እንዳለ።

እጄ መድረክ ላይ ከቆመብኝ ከዚያ ምሽት ወዲህ በሰው ፊት አልወጣሁም፤ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ደግሞ ጭራሽ ተውኩት። በገናውን ግን አልተውኩም። ቤቱ ሲተኛ አወርደውና ለብቻዬ እደረድራለሁ፣ እጄም እሺ ይለኛል።

ስለዚያ ምሽት አንድ ነገር ልበልሽ፣ ከዚያ እንለፈው። ከመጋረጃው ጀርባ ወጥተሽ ለሕዝቡ “አውታሩ ረግቦ ነው፣ ጥቂት ታገሡን” አልሽ። አውታሩ ደህና ነበር። መቃኛውን እያዞርሽ የምትቃኚ መስለሽ ጆሮዬ ላይ የነገርሽኝ ነው መዝሙሩን ያስጨረሰኝ። አመሰግናለሁ ብዬሽ አላውቅም። ላነሳው ብዬ አፌ ላይ እየደረሰ የተመለሰበት ጊዜ ብዙ ነው፤ አንቺም ሆን ብለሽ አላነሳሽብኝም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ።

ይኸው፣ ወጣልኝ።

ስለ መድረክ ፍርሃት የሚመክሩ ሰዎች ስለ መሣሪያው አያስቡም። ክራር የያዘ ሰው ልቡ ቢመታ ምቱን ትንሽ ያፈጥነዋል፣ ሰውም ሞቅ አለው ይላል እንጂ ፈራ አይልም። ከበሮ ያለበት መዝሙር ላይ ደግሞ ከግራና ከቀኝ አብሮሽ የሚያሸበሽብ አለ። በገና ዝግ ያለ ነው፤ አንዱ አውታር ተነክቶ ቀጣዩ እስኪመጣ ባለው ዝምታ ውስጥ የሚሰማው የአንቺው ትንፋሽ ነው። የሚሸፍንሽ የለም። ጣት ከፈራ አውታሩን በቅጡ አይነካውም፣ በቅጡ ካልተነካ ደግሞ ያ ጥዝዝ የሚለው ድምፅ፣ በገናን በገና የሚያደርገው፣ አይወጣም። ከዐሥሩ አውታር የምንነካው ስድስቱን ነው፣ የቀሩት ጣታችንን የምናሳርፍባቸው ናቸው አይደል? እኔ ሁልጊዜ የሚጠፋብኝ እዚያ ላይ ነው። ስፈራ ጣቴ ማረፊያውን ይለቅና አየር ላይ ይቀራል። ከዚያ እጄን ማየት እጀምራለሁ። “ቀጥሎ የትኛው ነበር?” ካልኩ በቃ፣ አለቀልኝ። ለዓመታት ሳላስበው የሄደ እጅ ላስበው ስል ነው የሚቆመው።

ሰውነት ላይ ምን እንደሚሆን ለአንቺ አላስተምርሽም፤ አድሬናሊኑ ሲለቀቅ ደሙ ከጣት ጫፍ ሸሽቶ ወደ ትልልቁ ጡንቻ ይሄዳል፣ አፍ ይደርቃል። ለመሮጥ የተሰጠን ነገር ነው፣ እኔ ግን ቁጭ ብዬ በቀዝቃዛ ጣት አንጀት መንካት፣ በደረቀ ጉሮሮ በለሆሳስ ማዜም አለብኝ።

መሥሪያ ቤት ያለች ልጅ፣ ወንድሟ ፋርማሲስት ነው፣ አንድ እንክብል አምጥታ እጄ ላይ አኖረችልኝ። ፕሮፕራኖሎል። ከአንድ ሰዓት በፊት ትውጪዋለሽ፣ እጅሽም ልብሽም ዝም ይላል አለችኝ። ስለ እሱ ሳነብ አመሸሁ። ጄምስ ብላክ የሚባል የስኮትላንድ ሰው በ1960ዎቹ ለልብ ሕመም የሠራው መድኃኒት ነው፤ በ1988 ኖቤል ካስገኙለት ሥራዎች አንዱ ነው (ዓመቱ በፈረንጆቹ ነው)። በውጭ አገር ብዙ ሙዚቀኞች ከመድረክ በፊት ይወስዱታል። የእጅ መንቀጥቀጥን ስለሚያስቆም በተኩስ ውድድር ግን ክልክል ነው፤ በ2008 ቤጂንግ ኦሎምፒክ አንድ የሰሜን ኮሪያ ተኳሽ ሁለት ሜዳሊያ የተነጠቀው በእሱ ነው። ያን ሳነብ እውነት ለመናገር ልቤ ወደ እንክብሏ ነበር፤ ይህን ያህል ከሠራማ አልኩ። ከዚያ “አስም ላለባቸው አደገኛ ነው” የሚለው ላይ ደረስኩ። አሁን እዚያ ሆነሽ እንደምትጮኺብኝ አውቃለሁ። አልወሰድኩትም፣ መልሼላታለሁ፣ ተረጋጊ። አስም ባይኖርብኝ ምን አደርግ እንደነበር ግን አላውቅም። ከአንቺ ሌላ ለማንም የማልነግረው ይህን ነው።

ያጽናናኝ ሌላ ነገር ነው። ፓብሎ ካሳልስን ታውቂዋለሽ፣ መምህራችን ሁልጊዜ የሚያነሱት የቼሎ ተጫዋች። ያ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከመድረክ በፊት ይፈራ ነበር። በ1901 ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ ካለ ተራራ ሲወርድ ድንጋይ ተንከባልሎ የግራ እጁን መታው። ጣቶቹን ሲያያቸው መጀመሪያ ወደ አእምሮው የመጣው “ተመስገን፣ ከእንግዲህ ቼሎ መጫወት ቀረልኝ” የሚል ሐሳብ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ይህን ሳነብ አለቀስኩ። መምህራችን የደወሉ ቀን ማታ እኔም “ብታመም” ብዬ ነበራ! ካሳልስ ግን እጁ ድኖለት ከዚያ በኋላ ሰባ ዓመት ገደማ ተጫውቷል፣ እየፈራ።

እንግሊዛዊው ተዋናይ ሎሬንስ ኦሊቪዬ ደግሞ የሃምሳዎቹን ዕድሜ አጋምሶ፣ ስሙ ዓለምን ከሞላ በኋላ ነው ፍርሃቱ የያዘው። የሼክስፒርን ቴአትር ኦቴሎን ሲጫወት ብቻውን መቆም ስላቃተው፣ ኢያጎን የሚጫወተውን ፍራንክ ፊንሌይን “ከዓይኔ አትራቅ፣ የማይህ ቦታ ቁም” ብሎ ለመነው። ሌሎቹን ተዋንያን ደግሞ ዓይን ዓይኑን እንዳያዩት። አየሽ? አንድ ሰው እንዲታየው፣ የቀሩት እንዳያዩት። እኔ ይህ በደንብ ይገባኛል። የማላውቀው ሕዝብ ብዙም አያስፈራኝም፤ የሚያስፈራኝ ሁለተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠች፣ የማውቃት፣ የምታዝንልኝ ሴት ናት።

ስለዚህ ሥራ ጀመርኩ። መጀመሪያ ለእማዬ ብቻ፣ ቡና እያፈላች። ቀጥሎ ቡና የጠሩት ጎረቤቶች ባሉበት። እትዬ እታች ቤቷ መሀል ላይ “ስኳር አቀብዪኝ” ስትል እንኳ አላቆምኩም፤ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው! ከዚያ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ አስሜ እስከፈቀደልኝ ድረስ ፈጠን ብዬ እወጣና፣ ልቤ እየመታ፣ ሳላርፍ በገናውን ይዤ እቀመጣለሁ። ልቤ እየመታም እጄ መሄድ እንደሚችል እንዲለምደው ነው። ለመድረኩም የመጀመሪያውን መዝሙር ከቃል በፊት ረዘም ባለ ድርደራ ልጀምረው ከመምህራችን ጋር ተስማምተናል። ፍርሃቱ የሚብሰው ከመጀመር በፊትና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው፣ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል። ድምፄን የማወጣው እሱ ካለፈ በኋላ ይሆናል ማለት ነው። ትንፋሼንም ሳስወጣ ከማስገባው አስረዝመዋለሁ፣ አንቺ እንዳሳየሽኝ።

አንዷ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ2014 ያወጣችውን ጥናትም አንብቤያለሁ። ከንግግር በፊት “ተረጋግቻለሁ” ካሉት ይልቅ “ጓጉቻለሁ” ያሉት የተሻለ ተናገሩ። የልብ ምቱ ለሁለቱም ያው ስለሆነ፣ ስሙን መለወጥ ከማጥፋት ይቀላል ነው ነገሩ። ለሠርግ ዘፋኝ ጥሩ ምክር ይመስለኛል። እኔ ግን ስለ ሞትና ስለ ንስሐ የሚያወሳ መዝሙር ይዤ “ጓጉቻለሁ” ማለቱ አልመጣልኝም። ሞከርኩት፣ አፌ እንቢ አለኝ።

ቀኑ ገብር ኄር መሆኑን መጀመሪያ ልብ አላልኩትም ነበር። አንድ ሌሊት ወንጌሉን ሳነበው ደነገጥኩ። ስንቴ ሰማነው! ያ አንድ መክሊት የተቀበለው ሰው ሁልጊዜ ሰነፍ ሰው ሆኖ ነበር የሚታየኝ፣ ጌታውም ሰነፍ ብሎታልና። ለምን እንደቀበረው ግን ራሱ ይናገራል፤ ስለፈራ ነው። ፈርቶ ሄዶ ቀበረው። አላባከነውም፣ አልሰረቀውም፣ ሳይጎድል መለሰው። ይህን ካነበብኩ ጀምሮ እሺ ማለቴን ለመሰረዝ ስልኩን አላነሳሁም።

ግን የሚከነክነኝ ነገር አለ፣ ለመምህራችን መጠየቅ ያፈርኩት። በገና ድሮ ለመድረክ አልነበረም። የጸሎት መሣሪያ ነው፤ እቴጌ ጣይቱን ጨምሮ መኳንንቱና ነገሥታቱ በእልፍኛቸው ይደረድሩት እንደነበር ይነገራል፣ ታዳሚ ሳይጠሩ። መምህራችንም በደርግ ጊዜ በር ዘግተው እንደተማሩ ነግረውናል። እና እኔ ያገኘሁት ትልቁ መድኃኒት ይህ ሆነ፤ ሕዝቡን ትቼ ለሱ ለእግዚአብሔር ብቻ እየደረደርኩ እንደሆነ ሳስብ እጄ ይመለሳል። ጎረቤቶቹ ፊት የሠራልኝ እሱ ነው። ታዲያ እየጸለይኩ ነው፣ ወይስ ጸሎቱን እንደ እንክብሏ እየዋጥኩት ነው? መንቀጥቀጤን እንዲያቆምልኝ ብዬ ወደሱ ዘወር ማለት ድፍረት ይሆንብኝ ይሆን? አንዳንድ ሌሊት አዎ ድፍረት ነው እላለሁ፤ አንዳንዴ ደግሞ የተቸገረ ሰው ሌላ ወዴት ይሄዳል እላለሁ። አንቺ ምን ትያለሽ? ቶሎ አትመልሺልኝ፣ አስቢበት። አንቺ ቶሎ ስትመልሺ ሁልጊዜ እኔን ለማስደሰት ነው።

ልጠይቅሽ የጻፍኩት ግን ሌላ ነው… ለመጻፍም አፍሬ ሦስት ገጽ ዞርኩ። ያን ምሽት ጆሮዬ ላይ ያልሽኝን ታስታውሺዋለሽ? ቃሉን እኔም አልረሳሁትም። የጠፋብኝ ድምፅሽ ነው፣ እንዴት አድርገሽ እንዳልሽው። ቁጣ ነበረበት፣ ሳቅም ነበረበት፣ እኔ ለራሴ ስለው እንደዚያ አይሆንልኝም። እንደዚያው አድርገሽ ቅጂና በቴሌግራም ላኪልኝ። ቅዳሜ ማታ ቢደርሰኝ ይበቃኛል። ብትደውዪ ደግሞ ይበልጣል፤ እሑድ በእኛ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ከመጋረጃው ጀርባ እሆናለሁ፣ በእናንተ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ነው። ቅዳሴ ላይ ትሆኛለሽ፣ አውቃለሁ። ከቅዳሴ ውጪ አልልሽም፤ የድምፅ መልእክቱ ይሻላል፣ እሱን አድርጊው።

ደግሞ ልክ ያኔ እንዳልሽው ይሁን፣ እንዳታሳምሪው። ስልኬ ያው የድሮው ነው።

ያንቺው