ሚኒባሷን ቤት ስናደርግ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አዘጋጆች።

የምኖረው ሱሉልታ ነው። ለዓመታት ታክሲ የሠራሁባትን ሃይኤስ ሚኒባስ ወንበሮቿን ነቅዬ፣ አልጋና ትንሽ ማድ ቤት ሠራሁባት። አሁን የሠፈሬ ወጣቶች እንዴት እንደሚሠራ እየጠየቁኝ ነው። የምጽፈው ለእነሱ ስል ነው።

ጣውላና ብሎኑን ከምናለሽ ተራ ለቃቀምኩ። እሱ ቀላል ነው። ያስቸገረኝ ብርዱ ነው። ሱሉልታ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። መጀመሪያ ላሜራውን ባዶውን ተውኩት። ትንፋሻችን ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ጠዋት ብርድ ልብሱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ፎም ለጥፌ በስስ ፕላይዉድ ስሸፍነው ተሻለ።

የኤሌክትሪክ ሥራውን የሰጠሁት ባለሙያ ገመዱን ያለ ፊውዝ በቀጥታ ከባትሪው አገናኝቶት ኖሯል። አንድ ማታ የቀለጠ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ልጄ ውስጥ ተኝታ ነበር! እስካሁን ሳስበው ያንቀጠቅጠኛል። 12 ቮልት ሰው ባይነዝርም እሳት ያስነሳል። ፊውዙን ከባትሪው አጠገብ አድርጉት።

ከሁሉም ግን ከሰል! እባካችሁ፣ ፍም ይዛችሁ መኪና ውስጥ አትተኙ። ቡና ተፈልቶ የተረፈውን ፍም ለሙቀት ማስቀመጥ ለምዶብናል። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። መስኮት ገርበብ ማድረግም አያስተማምንም። እኛ ቡናውን ውጭ፣ ከኋላ በሩ ራቅ ብለን ነው የምናፈላው።

ለፋሲካ ላንጋኖ እንወርዳለን። ከዚያ በፊት ጋዜጣችሁ ስለ ከሰል ጭስ አንድ ሐኪም ቢያነጋግርልን ደስ ይለኛል።

የቀድሞ ታክሲ ሹፌር፣ ከሱሉልታ